ፓርክ ውስጥ ውሻን ለመቆጣጠር የትኛው ሕግ ይሻላል? የእንግሊዝና የዌልስ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። ከዥዋዥዌው ወርዳ ወደ እኔ ስትሮጥ አንድ ትልቅ ውሻ ከኋላዋ ደርሶ ጣላት። አልነከሳትም። ከእጇ የወደቀውን ብስኩት በልቶ ሄደ። ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ «አይዞሽ፣ መጫወት ፈልጎ ነው» አላት። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል የፓርኩ በር ላይ ስንደርስ እግሬን ጥምጥም አድርጋ ትይዝና አልገባም ትል ነበር።

እኔና ሌሎች ወላጆች በንዴት ለካውንስላችን፣ ማለትም ለአካባቢያችን አስተዳደር ጻፍን። «ውሻ ከነጭራሹ ፓርኩ እንዳይገባ ይታገድ» አልን። የመጣልን መልስ በሁለት ጥያቄ ያለቀ ነበር፦ በየትኛው ሕግ? በምን ማስረጃ? ለአንዱም መልስ አልነበረንም። ለካ የውሻ ሕግ አንድ አይደለም። ከ1871 የመጣ አለ። ከ1991 የመጣ አለ። ከ2014 የመጡ ሁለት አሉ። በዚያ ላይ የየአካባቢው ደንብ አለ። ሁሉም የየራሱ በር አለው። የተሳሳተውን በር ስናንኳኳ ወራት ይባክናሉ፤ ልጆቹም ፓርክ ሳይገቡ በጋው ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ እንግሊዝንና ዌልስን ብቻ ይመለከታል። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የቅጣት ጣሪያዎች በየጊዜው ስለሚሻሻሉ፣ ታፔላ ከማሳተማችሁ በፊት የዕለቱን መጠን አረጋግጡ።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ሕጎቹን ከማወዳደራችን በፊት በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ። ከሁሉም የሚከብደው መመዘኛ ይህ ነው፦ ችግሩ ቦታው ነው፣ ሰውየው ነው ወይስ ውሻው?

ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉንም ነገር ይወስናል። በልጆች መጫወቻው ውስጥ በየቀኑ የተለያዩ ሰዎች ውሻ ይዘው የሚገቡ ከሆነ ችግሩ የቦታው ነው። ጠዋት ጠዋት የሚመጣ አንድ ሰው ሁለት ውሾቹን እየለቀቀ ሰፈሩን የሚያስጨንቅ ከሆነ ችግሩ የሰውየው ነው። አንድ ውሻ ሰው ላይ ዘሎ ከወጣ ወይም ከነከሰ ደግሞ ጉዳዩ የዚያ ውሻና የዚያች ቀን ጉዳይ ነው። ለቦታ የተሠራውን ሕግ ለአንድ ሰው ብትጠቀሙበት፣ በአንዱ ጥፋት መቶ ጨዋ ባለ ውሻ ትቀጣላችሁ።

ሌሎቹ መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው። ሕጉን ማን ሊጠቀምበት ይችላል? ከአቤቱታ እስከ ውጤት ምን ያህል ይፈጃል? ምን ዓይነት ማስረጃ ይጠይቃል? ሲጣስ ምን ይከተላል? ወጪው በማን ላይ ይወድቃል?

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፦ ፓርኩ የማነው? ሃይድ ፓርክንና ሪችመንድ ፓርክን የመሳሰሉት የንጉሣዊ ፓርኮች በ1997 የወጣ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ስለዚህ ስለ እነሱ የሰፈራችሁን ካውንስል መወትወት ከንቱ ድካም ነው። አንዳንድ ሜዳ የፓሪሽ ካውንስል (የመንደር ወይም የትንሽ ሰፈር ምክር ቤት) ነው፣ አንዳንዱ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ አንዳንዱ የቤቶች ማኅበር ነው። ለካውንስሉ አንድ ኢሜይል መላክ በቂ ነው። ባለቤቱ ካልታወቀ የሚቀጥለው ሁሉ ግምት ይሆናል።

## ፒኤስፒኦ፦ ለቦታ የሚወጣ ትእዛዝ

ሙሉ ስሙ የሕዝብ ቦታዎች ጥበቃ ትእዛዝ ነው። የካውንስል ሰዎች ግን ፒኤስፒኦ ነው የሚሉት። መነሻው ጸረ ማኅበራዊ ባሕርይን፣ ወንጀልንና ፖሊስን የሚመለከተው የ2014 ሕግ ነው። የወረዳ (ዲስትሪክት) ካውንስል፣ የለንደን ባሮ (የለንደን ክፍለ ከተማ) ወይም የዌልስ ካውንቲ ሊያወጣው ይችላል። ፓሪሽ ካውንስል ግን አይችልም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

በውሻ ጉዳይ የተለመዱት ክልከላዎች አምስት ናቸው። ሰገራውን አለማንሳት፣ በተወሰነ ቦታ ውሻን ያለማሰሪያ መልቀቅ፣ ሠራተኛ «እሰረው» ሲል እምቢ ማለት፣ ወደተከለለ ቦታ ውሻ ማስገባት፣ አንድ ሰው ከተወሰነ ቁጥር በላይ ውሻ ይዞ መገኘት። አምስቱም ከ2005ቱ ሕግ የመነጨው የቀድሞው የውሻ ቁጥጥር ትእዛዝ ውስጥ የነበሩ ናቸው። እነዚያ ትእዛዞች ኦክቶበር 2017 ላይ በራሳቸው ጊዜ ወደ ፒኤስፒኦ ተቀየሩ፤ ዕድሜያቸው ካልተራዘመ ደግሞ በሦስት ዓመት አልቋል። ስለዚህ በራችሁ ላይ «የውሻ ቁጥጥር ትእዛዝ» የሚል የደበዘዘ ታፔላ ካለ፣ ከጀርባው የሚሠራ ሕግ መኖሩን ጠይቁ።

ካውንስሉ ይህን ትእዛዝ እንዲያው በስሜት ሊያወጣው አይችልም። ድርጊቱ የአካባቢውን ሰው ኑሮ የሚጎዳ መሆን አለበት። ጉዳቱ የሚደጋገም፣ ምክንያታዊ ያልሆነና ክልከላውን የሚያስገድድ ሊሆን ይገባል። ፖሊስን፣ የፖሊስና ወንጀል ኮሚሽነሩን፣ የቦታውን ባለቤትና የማኅበረሰቡን ተወካዮች ማማከር ግዴታ ነው። ረቂቁ ይፋ ይወጣል፣ አስተያየት ይሰበሰባል፣ ሲጸድቅ ቦታው ላይ ታፔላ ይተከላል። ይህ ሁሉ ወራት ይወስዳል። የሚጸናው ቢበዛ ለሦስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ይታደሳል ወይም ይሞታል።

ትእዛዙን የጣሰ ሰው እዚያው የቅጣት ወረቀት ሊሰጠው ይችላል። የ2014ቱ ሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ፓውንድ ነው። ካልከፈለና ማጅስትሬት ፍርድ ቤት (የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት) ከቀረበ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 የሪችመንድ አፖን ቴምስ ካውንስል የውሻ ትእዛዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። አንድ ሰው ከአራት በላይ ውሻ እንዳያንሸራሽር የሚለው ገደብ ጸና። ውሻ ማንንም «እንዳያናድድ» የሚለው አንቀጽ ግን ከሚገባው በላይ ሰፊ ነው ተብሎ ወደቀ። ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ውሻ የሚፈራ ሰው ውሻ በማየቱ ብቻ ሊረበሽ ይችላል፤ ያ ብቻውን ግን ወንጀል አይሆንም። አራት የሚባለው ቁጥር የሚቆጠር ነው። «ማናደድ» ግን በምን ይለካል? ትእዛዝ እንዲወጣ ስትጠይቁ አጥሩን፣ በሩን፣ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጥቀሱ።

ሌላም አለ። የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ባለ ውሻው የእንስሳውን ፍላጎት እንዲያሟላ ያስገድደዋል። ውሻ ደግሞ መሮጥ አለበት። ሁሉንም ሜዳ የሚዘጋ ትእዛዝ ከዚህ ጋር ይጋጫል። መጫወቻውን ዝጉ፣ የመቃብር ቦታውን በማሰሪያ አድርጉ፣ ትልቁን ሜዳ ግን ተዉላቸው። ይህን ስታደርጉ ከምክክሩ ላይ ግማሹ ተቃውሞ ይጠፋል። ዓይነ ስውራንን የሚመሩና ሌሎች አጋዥ ውሾችም በረቂቁ ውስጥ በግልጽ ነጻ መደረግ አለባቸው።

የፒኤስፒኦ ትልቁ ድክመት ግን ሕጉ ውስጥ የለም፤ ሜዳው ላይ ነው ያለው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ማን ቆሞ ወረቀት ይጽፋል? የሚያስከብር ሠራተኛ ከሌለ ታፔላው ጌጥ ነው። ስለዚህ ካውንስሉን «ታወጣላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «ስንት ሰው በሳምንት ስንት ቀን ታሰማራላችሁ?» በሉት።

## ሲፒኤን፦ ለአንድ ሰው የሚሰጥ ማስታወቂያ

የማኅበረሰብ ጥበቃ ማስታወቂያ ይባላል። የተገኘው ከዚያው ከ2014ቱ ሕግ ነው። ልዩነቱ ሰፈሩን ሳይነካ አንድን ሰው ብቻ መያዙ ነው። ሰውየው 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ድርጊቱ ተደጋጋሚ፣ ምክንያታዊ ያልሆነና የአካባቢውን ኑሮ የሚጎዳ ሊሆን ይገባል። ካውንስሉ ወይም ፖሊስ ይሰጠዋል፤ ካውንስሉ ሥልጣኑን ለቤቶች ማኅበርም ሊያካፍል ይችላል።

እኔ የማደንቀው አካሄዱን ነው። በመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «ይህን እያደረግህ ነው፣ አቁም፣ ካላቆምክ ይህ ይከተላል» ይላል። ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያልቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ካልሆነ ማስታወቂያው ይወጣል፤ ማስታወቂያው ደግሞ ለሰውየው የተሰፋ ልብስ ነው። ፓርክ ውስጥ ውሻህን እሰር፣ የአፍ መዝጊያ አድርግለት፣ ወደ ሥልጠና ውሰደው፣ የጓሮህን አጥር ጠግን ሊለው ይችላል። ሰውየው ቅር ካለው በ21 ቀን ውስጥ ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። ከጣሰ እንደ ፒኤስፒኦው እስከ 100 ፓውንድ የሚደርስ የቅጣት ወረቀት አለ። ፍርድ ቤት ከሄደ ግን እስከ 2,500 ፓውንድ ያስከፍላል።

የእኛ ጉዳይ ያለቀው በዚህ መንገድ ነው። አንዲት እናት ደብተር ገዛች። ለአምስት ሳምንት ቀን፣ ሰዓት፣ የውሻው መልክና የሆነው ነገር ተጻፈ። ደብተሩ ሲገለጥ አብዛኛው መስመር ስለ አንድ ሰውና ስለ ሁለት ውሾቹ ሆኖ ተገኘ። «የሰፈሩ ውሾች» ብለን የጮህነው ስለ አንድ ሰው ኖሯል! ማስጠንቀቂያው ደረሰው። ሰውየው አሁንም ይመጣል፤ ውሾቹ ግን ታስረው ነው። ያን ቀን የጠየቅነው አጠቃላይ እገዳ ቢሳካ ኖሮ፣ ከመጫወቻው ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ አሮጌ ውሻቸውን አስተኝተው የሚቀመጡት አዛውንት ጎረቤታችን ነበሩ ቀድመው የሚባረሩት። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ድክመቱ ምንድን ነው? የሰውየው ማንነት ካልታወቀ ምንም አይሠራም። ስሙን ማወቅ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ተከትላችሁት እቤቱ ድረስ አትሂዱ። የሚመጣበትን ሰዓት ለሠራተኛው ንገሩት፣ እሱ ቆሞ ያገኘዋል።

## አደጋ ሲኖር፦ የ1991ዱና የ1871ዱ ሕግ

በ1991ዱ የአደገኛ ውሾች ሕግ አንቀጽ 3 መሠረት ውሻን በአደገኛ ሁኔታ ከቁጥጥር ውጭ ማድረግ ወንጀል ነው። ከሜይ 2014 ወዲህ በግል ግቢም ይሠራል። መነከስ አያስፈልግም፤ ውሻው ይጎዳኛል ብሎ ለመስጋት በቂ ምክንያት መኖሩ ይበቃል። ቅጣቱ ከበድ ይላል። ጉዳት ካልደረሰ እስከ ስድስት ወር እስር፣ ሰው ከተጎዳ እስከ አምስት ዓመት፣ ሰው ከሞተ እስከ 14 ዓመት። አጋዥ ውሻ ከተጎዳ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት። ከእስር ጋር ወይም ከእስር ይልቅ የገንዘብ ቅጣትም አለ።

ይህ የፖሊስ ጉዳይ ነው። ውሻው አሁን እያጠቃ ከሆነ 999፣ ነገሩ ካለፈ 101 ይደወላል። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 1 የታገዱት ዓይነቶችም አሉ፦ ፒት ቡል ቴሪየር፣ የጃፓን ቶሳ፣ ዶጎ አርጀንቲኖ፣ ፊላ ብራዚሌይሮና በቅርቡ የተጨመረው ኤክስኤል ቡሊ። ኤክስኤል ቡሊን ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ነጻ ማድረጊያ የምስክር ወረቀት መያዝ አይቻልም፤ ወረቀቱ ቢኖርም ሕዝብ ባለበት ቦታ ማሰሪያና የአፍ መዝጊያ ግዴታ ነው። ለዚህ ካውንስሉ አዲስ ትእዛዝ እንዲያወጣ መጠበቅ የለባችሁም።

የ1871ዱ የውሾች ሕግ ብዙ ሰው የረሳው ነው፤ ግን አሁንም በሥራ ላይ አለ። ወንጀል አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር አቤቱታ ነው። ማንኛውም ሰው ማጅስትሬት ፍርድ ቤት ሄዶ «ይህ ውሻ አደገኛ ነው፣ በአግባቡ አልተያዘም» ሊል ይችላል። የማስረጃው ሚዛንም ከወንጀል ይቀላል። ፍርድ ቤቱ ውሻው እንዲታሰር፣ አፉ እንዲዘጋ፣ ወደ ተለዩ ቦታዎች እንዳይገባ ሊያዝዝ ይችላል፤ ሲብስም እንዲወገድ። ፖሊስ ጉዳዩን ወንጀል ለማድረግ ማስረጃው አይበቃም ካለና አደጋው ግን እውነተኛ ከሆነ፣ የቀራችሁ በር ይህ ነው። ብቻችሁን ከመግባታችሁ በፊት ግን የሕግ ምክር ጠይቁ፤ ከተሸነፋችሁ የሌላውን ወገን ወጪ ልትሸፍኑ ትችላላችሁ።

## ባይሎው፣ የባለቤቱ ፈቃድና ገጠሩ

ባይሎው የአካባቢ ደንብ ነው። ከ1875ቱ የሕዝብ ጤና ሕግና ከ1906ቱ የክፍት ቦታዎች ሕግ ይመነጫል። ፓሪሽ ካውንስልም ሊያወጣው ይችላል፤ ጥቅሙም ይኸው ነው። ጊዜ የማያልፍበት መሆኑም ጥሩ ነው። ነገር ግን እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥት ይሁንታ ይፈልጋል፣ ሌላ ሕግ የሚፈታውን ነገር እንዲደግም አይፈለግም፣ በተለምዶ የቅጣት ወረቀትም የለውም፤ ጥፋተኛውን ፍርድ ቤት ማቅረብ ያስፈልጋል። ጣሪያው በተለምዶ 500 ፓውንድ ነው። በዚያው ቦታ ስለዚያው ነገር ፒኤስፒኦ ከወጣ ደግሞ ባይሎው ይተኛል። በእኔ እምነት ዛሬ ለውሻ ብሎ አዲስ ባይሎው መጀመር አያዋጣም። ያለውን ግን አትናቁት።

የመሬት ባለቤት ደንብ ማውጣትና ደንቡን የጣሰውን «ውጣ» ማለት ይችላል። ቅጣት ግን የለውም።

ገጠር ክፍት መሬት ላይ ደግሞ ማንም ሳያመለክት የሚሠራ ደንብ አለ። የ2000ው ሕግ ለእግረኛ በከፈተው መሬት ላይ፣ ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ውሻ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ መያዝ አለበት። በግና ከብት አጠገብ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ነው።

## በአንድ ዓይን ሲታይ

| አማራጭ | የሚይዘው | ማን ይጠቀምበታል | ፍጥነት | ሲጣስ (ጣሪያ) | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፒኤስፒኦ | ቦታን | ዲስትሪክት፣ ባሮ፣ የዌልስ ካውንቲ | ወራት | ወረቀት 100፣ ፍርድ ቤት 1,000 ፓውንድ | እስከ 3 ዓመት፣ ይታደሳል |
| ሲፒኤን | አንድን ሰው | ካውንስል፣ ፖሊስ | በአንጻሩ ፈጣን | ወረቀት 100፣ ፍርድ ቤት 2,500 ፓውንድ | በማስታወቂያው መሠረት |
| የ1991 ሕግ | አደገኛ ክስተትን | ፖሊስ፣ ካውንስል | ወዲያው ይጀመራል | እስከ 14 ዓመት እስር | በፍርዱ መሠረት |
| የ1871 ሕግ | አንድን ውሻ | ማንኛውም ሰው | እንደ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ | የቁጥጥር ወይም የማስወገድ ትእዛዝ | በትእዛዙ መሠረት |
| ባይሎው | ቦታን | ፓሪሽን ጨምሮ ካውንስሎች | በጣም ቀርፋፋ | 500 ፓውንድ | እስኪሻር |
| የባለቤት ደንብ | ቦታን | የመሬቱ ባለቤት | ፈጣን | ማስወጣት ብቻ | እንደ ፈቃዱ |

## ለማን የትኛው?

ብቻችሁን ከሆናችሁና ገንዘብ ከሌላችሁ ደብተርና ስልክ ይበቃል። ሲፒኤን ጠይቁ። እናንተን አንድ ሳንቲም አያስወጣችሁም። ለካውንስሉ ስትጽፉ «ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ» በሉ፤ «አንድ ነገር አድርጉ» ከሚለው ይልቅ ይህ ወደ ትክክለኛው ጠረጴዛ ይሄዳል።

የወላጆች ወይም የፓርክ ወዳጆች ቡድን ከሆናችሁ መጫወቻው አጥር አለው ወይ ብላችሁ ጀምሩ። አጥርና የሚዘጋ በር ካለው፣ ለዚያች ቦታ ብቻ ውሻ የሚከለክል ፒኤስፒኦ መጠየቅ በጣም አሳማኝ ነው። አጥር ከሌለው መጀመሪያ ለአጥሩ ገንዘብ አሰባስቡ። ድንበሩ በዓይን የማይታይ ክልከላ ጭቅጭቅ እንጂ ሰላም አያመጣም። ከመጠየቃችሁ በፊት ባለ ውሾቹን አነጋግሩ፤ ስለ ሰገራው ከእናንተ በላይ የሚናደዱት እነሱ ናቸው።

የፓሪሽ ካውንስል አባል ከሆናችሁ ሜዳው የእናንተ ከሆነ የባለቤት ደንብ አውጡና ጎን ለጎን ዲስትሪክቱ ፒኤስፒኦ ውስጥ እንዲያስገባችሁ ጠይቁ። የነበረው ትእዛዝ የሚታደስበትን ቀን እወቁ፤ ቀላሉ ጊዜ ያኔ ነው።

የካውንስል ውሳኔ ሰጪ ከሆናችሁ በጀቱን ከታፔላው በፊት ለሠራተኛ መድቡ። አንድ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ማለዳ መውጣት ካልቻለ «ሠራተኛ ሲያዝ እሰር» የሚለው አንቀጽ ባዶ ነው፤ የሚያዝ ሰው የለምና።

ባለ ውሻ ከሆናችሁና ትእዛዙ በዛ ካላችሁ በምክክሩ ጊዜ ጻፉ፣ ውሻችሁ የሚሮጥበትን ሜዳ በካርታ ላይ አመልክቱ። ትእዛዙ ከወጣ በኋላ በቦታው የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም ዘወትር የሚመጣ ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊሞግተው ይችላል፤ ይህ ግን ውድ መንገድ ነው።

ሰው ከተነከሰ ከላይ ያለውን ሁሉ ተዉትና ፖሊስ ጋ ደውሉ። ቁስሉን ፎቶ አንሱ፣ ሐኪም ይየው፣ የምስክሮችን ስልክ እዚያው ያዙ።

ደብተሩን ዛሬ የምትጀምሩ ከሆነ እያንዳንዱ መስመር አምስት ነገር ይያዝ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ትክክለኛው ቦታ (ለምሳሌ «ከምሥራቁ በር አጠገብ፣ ዥዋዥዌው ሥር»)፣ ውሻው ምን አደረገ፣ ማን አየ። የተሰማችሁን ንዴት አትጻፉ። ውሻው ያደረገውን ጻፉ። የእኛ ደብተር ላይ ጥሩ ከነበሩት መስመሮች አንዱ ይህን ብቻ ይል ነበር፦ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡10፣ መጫወቻው ውስጥ፣ ቡናማው ውሻ ያለማሰሪያ ገባ፣ ሕፃን ወደቀ፣ ሦስት ሰው አይቷል።»